የአካባቢ ትምህርትን ከሰሌዳ ወደ ቦረቦር ማውረድ፦ ለጎጃም የገጠር ትምህርት ቤቶች የአንድ ዓመት ዝርዝር መመሪያ

በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ችግኝ ይተከላል። ሚያዝያ ላይ በዚያው ቦታ የሚገኘው የደረቀ ጭራሮና የተቀዳደደ ጥቁር ላስቲክ ነው። ተማሪው የአፈር መሸርሸርን አራት ምክንያቶች በፈተና ወረቀት ላይ ዘርዝሮ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚሻገረው ቦረቦር (ጎርፍ የቆፈረው ገደል) ግን ከአምና ዘንድሮ ስንት ክንድ እንደሰፋ ቢጠየቅ መልስ የለውም። መምህሩ ስላልደከመ አይደለም። የሥራው ቅደም ተከተል ስለተገለበጠ ነው፤ መትከል ይቀድማል፣ ማየትና መለካት ጭራሽ አይመጣም።

ይህ መመሪያ ከ5ኛ እስከ 7ኛ ክፍል ለሚያስተምሩ መምህራንና ለአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተጠሪዎች የተዘጋጀ ነው። ከጮቄ ተዳፋት ጀምሮ እስከ ጣና ዳር ድረስ ባለ ማንኛውም ትምህርት ቤት ሊሠራበት ይችላል። ቅደም ተከተሉን አትለውጡ።

ከመጀመራችሁ በፊት

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ተረዱ። የትምህርት ዘመኑና ዝናቡ አይገናኙም። አፈሩ የሚታጠበው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ያኔ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። ችግኙ የሚተከለውም ተማሪ ሲበተን ነው። ስለዚህ ሥራው ከመስከረም እስከ ሰኔ ሳይሆን ከመስከረም እስከ ቀጣዩ መስከረም መታቀድ አለበት። የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ዋና ተሳታፊ አታድርጉ፤ በግንቦት ለክተው በመስከረም አይገኙም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች፦

- 20 ሜትር የማይለጠጥ ገመድ፣ አንድ መለኪያ ሜትር፣ አንድ ቱምቢ (ክር ላይ የታሰረ ድንጋይም ይሆናል)
- ቢያንስ 6 ጠንካራ ካስማ፣ ከወይራ ወይም ምስጥ ከማይደፍረው ሌላ እንጨት የተጠረበ
- ባለ 2 ሊትር ባዶ የውኃ ጠርሙሶች
- ዶማ፣ አካፋ፣ ወንፊት፣ ባሊ፣ የተበሳሳ ቆርቆሮ ወይም ውኃ ማጠጫ
- ጠንካራ ሽፋን ያለው አንድ መዝገብ

መዝገቡን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። በብጥስጣሽ ወረቀት የተያዘ ቁጥር ከአንድ ክረምት አያልፍም። ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ከትምህርት ቤቱ ሰነዶች ጋር ይቀመጥ።

ደረጃ 1፦ አንድ ቦታ ምረጡ (የመስከረም የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት)

1. ከትምህርት ቤቱ በእግር ከ10 ደቂቃ የማይርቅ ቦረቦር ፈልጉ። ከዚያ ከራቀ ክፍለ ጊዜው በመንገድ ያልቃል።
2. ስፋቱ ከ5 ሜትር፣ ጥልቀቱ ከተማሪ ወገብ የማይበልጠውን ምረጡ። ሰፊ ሲሆን ገመዱ ይረግባል፤ ጥልቅ ሲሆን አደገኛ ነው።
3. ከላይ ውኃው ከየት እንደሚመጣ ተማሪዎቹ በእግራቸው ይከተሉ። ከመንገድ ቦይ ነው? ከተዳፋት ማሳ ነው? ከከብት መሄጃ ነው? መልሱን በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉ፤ የአካባቢውን ንድፍም ይሳሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ በዋልካ (ጥቁር ጭቃማ) መሬት የቦረቦር ግድግዳ ሳያስጠነቅቅ ይናዳል። ከሥሩ ተቦርቡሮ ከላይ የተንጠለጠለ ዳር ካለው ያንን ቦታ ተዉት። ዝናብ እየዘነበ ወይም ከላይ በኩል ደመና ጠቁሮ እያለ ማንም ተማሪ ወደ ቦረቦሩ አይውረድ፤ እናንተ ጋ ሳይዘንብ ከጮቄ ወገብ የተነሣ ጎርፍ ሊደርስ ይችላል። ወንዝ ዳር የምትሠሩ ከሆነም ተማሪ ባዶ እግሩን ውኃ ውስጥ አይግባ፤ በወይና ደጋና በቆላ ወንዞች ቢልሃርዝያ አለ።

ቦረቦር ከሌለ፦ በጣና ዙሪያ ባለው ሜዳ ላይ ቦረቦር ላይገኝ ይችላል። በምትኩ የመስኖ ቦይ ወይም የደለል መቆያ ጉድጓድ ለኩ። እምቦጭን ግን ለማሳያ ብላችሁ ወደ ትምህርት ቤት አታምጡ። ከግንዱ ቁራጭም ከዘሩም ይራባል፤ ወደ ሌላ ኩሬ የምታሻግሩት እናንተ ትሆናላችሁ።

ደረጃ 2፦ ፈቃድ ጠይቁ፣ ቀን ምረጡ

ብዙ መምህራን የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። በ1989 ዓ.ም. የነበረውን የመሬት ድልድል የሚያስታውስ ገበሬ፣ ገመድና ሜትር የያዘ ሰው ማሳው ዳር ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው መሬቱ ሊወሰድበት እንደሆነ ነው። ይህን ፍርሃት አትናቁት።

1. ቦረቦሩ የሚያዋስነውን እያንዳንዱን ባለማሳ ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ አነጋግሩ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ አንድ የጎጥ ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ።
2. "የምንለካው ውኃው የወሰደውን አፈር ነው፤ የማሳዎን ስፋት አንለካም፣ ቁጥሩን ለእርስዎ እናሳያለን" በሉ። ልጃቸው ከተማሪዎቹ አንዱ ከሆነ ገመዱን እሱ ይያዝ።
3. ዘር ከቤተ ክርስቲያን ደን የምትለቅሙ ከሆነ ቄሰ ገበዙንና ሰበካ ጉባኤውን አስፈቅዱ። ለቀማው ከመሬት ብቻ ይሁን፤ ቅርንጫፍ አይሰበር።
4. የቁፋሮ ሥራ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔ ዓለምና በአካባቢው ታቦት ቀን አታድርጉ። ሰው ዶማ የማያነሣበትን ቀን ልጆች ቢቆፍሩበት ወላጅ ይቀየማል፤ ክበቡም የዚያኑ ዕለት ያበቃለታል። ቀኑን ለሌላ ተጠቀሙበት፦ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆች አብረው የሚገኙበት ሰዓት ስለሆነ ለስብሰባ ከዚህ የተሻለ የለም።

ባለማሳው እምቢ ካለ፦ አትከራከሩ፤ በወረዳ ደብዳቤም አታስገድዱ። የትምህርት ቤቱን ግቢ ጎርፍ ቦይ በመለካት ጀምሩ። ቁጥሩን ሲያይ ራሱ የሚጠይቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

ደረጃ 3፦ ሦስቱ ጠርሙሶች (ጥቅምት)

ይህ የአንድ ክፍለ ጊዜ ሙከራ ነው፤ ዝግጅቱ ግን አንድ ሳምንት ቀድሞ ይጀመራል።

1. ሦስት ጠርሙሶችን አጋድሙና ከላይ ጎናቸውን በመስኮት ቅርጽ ቁረጡ። ክዳኑን ክፈቱ።
2. ሦስቱንም ከአንድ ቦታ በመጣ አፈር እኩል ሙሉ። አንደኛው ባዶ አፈር ይሁን፣ ሁለተኛውን የጤፍ ገለባ አልብሱት፣ ሦስተኛው ላይ ከነሥሩ የተነቀለ ሣር ትከሉ።
3. ሣሩን ለአንድ ሳምንት አጠጡት። ይህን መዝለል ሙከራውን ያበላሻል፤ ሥሩ ካልያዘ ውኃው በጠርሙሱ ዳር ሾልኮ ከባዶው አፈር እኩል ይደፈርሳል።
4. በሙከራው ቀን ሦስቱንም በአንድ ጣውላ ላይ እኩል አዘንብሉ፣ ከአፋቸው ሥር አንድ ሊትር የሚይዝ ውስጡ የሚታይ ዕቃ አስቀምጡ፣ እያንዳንዳቸው ላይ አንድ ሊትር ውኃ በተበሳሳው ቆርቆሮ አርከፍክፉ።
5. ዕቃዎቹን ሳትነኩ እስከ ማግሥቱ ተዉአቸውና የደለሉን ውፍረት በማስመሪያ አስለኩ።

ከማፍሰሳችሁ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ የሚጠብቀውን ይጻፍ። ሳይገምት ያየ ልጅ ትርኢት አይቶ ይሄዳል፤ ገምቶ የተሳሳተው ግን ምክንያቱን ይፈልጋል።

ደረጃ 4፦ ቦረቦሩን ለኩ (ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ፣ እንደገና ግንቦት፣ እንደገና መስከረም)

የዓመቱ ልብ ይህ ነው። የመጀመሪያው የመስከረም ልኬት እጅ ማፍታቻ ነው፤ ዋናዎቹ የግንቦቱና የቀጣዩ መስከረም ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ክረምት የወሰደው አፈር ነው።

1. በቦረቦሩ ርዝመት በየ10 ሜትሩ ሦስት መለኪያ ቦታዎች ምረጡ።
2. በእያንዳንዱ ቦታ በግራና በቀኝ ካስማ ትከሉ። ካስማው ከቦረቦሩ ዳር 2 ሜትር ወደ ማሳው ይራቅ። ዳሩ ላይ የተተከለ ካስማ ክረምት ላይ ከአፈሩ ጋር ይሄዳል፤ ያኔ የዓመቱ ልኬት ከንቱ ይሆናል።
3. ካስማው ላይ ከመሬት ልክ በቢላዋ ምልክት አድርጉና ገመዱን እዚያ ላይ ወጥሩ። አንዱ ዳር ከሌላው ከፍ ብሎ ገመዱ ቢያዘነብል አትጨነቁ፤ ግንቦት የታሰረበት ምልክት ላይ መስከረምም መታሰሩ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።
4. ከግራው ካስማ ጀምራችሁ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ቱምቢ አውርዱ። ከገመዱ እስከ መሬት ያለውን ጥልቀት ለኩ። አንድ ተማሪ ይለካ፣ ሁለተኛው ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሦስተኛው ደግሞ እየደገመ ይጻፍ።
5. ጥልቀቶቹን በሜትር ደምሩና በ0.5 አባዙ። የሚገኘው የቦረቦሩ የጎን ስፋት በሜትር ካሬ ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ግንቦት ላይ የተገኙት ጥልቀቶች 65፣ 80፣ 85 እና 70 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ ድምሩ 3 ሜትር ነው፤ በ0.5 ሲባዛ 1.5 ሜትር ካሬ ይሆናል። መስከረም ላይ ቦረቦሩ ሰፍቶ 80፣ 95፣ 100፣ 80 እና 25 ቢገኙ ድምሩ 3.8 ሜትር፣ ስፋቱ 1.9 ሜትር ካሬ ነው። ልዩነቱ 0.4 ሜትር ካሬ፤ በ10 ሜትር ርዝመት ላይ 4 ሜትር ኩብ አፈር ሄዷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አትቁሙ። ሜትር ኩብ ለገበሬ ምንም አይነግረውም። አንድ ሜትር ኩብ የማሳ አፈር ደርቆ በግምት ከ12 እስከ 13 ኩንታል ይመዝናል። ስለዚህ ከ10 ሜትር ቦረቦር ብቻ ወደ 50 ኩንታል አፈር ወርዷል። ይህን ስሌት ተማሪው ራሱ ይሥራው፤ የሒሳብ መምህሩንም አሳትፉ።

ልኬቱ ሲሳሳት፦ የመስከረሙ ጥልቀት ከግንቦቱ ካነሰ መጀመሪያ ገመዱ በትክክለኛው ምልክት ላይ መታሰሩን አረጋግጡ። ትክክል ከሆነ ስሕተት ላይሆን ይችላል፤ ከላይ የመጣ ደለል እዚያ ቦታ ላይ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ይህንንም ጻፉት፤ ቁጥሩን "ለማስተካከል" አትሞክሩ። ካስማ ከጠፋ ያንን መለኪያ ቦታ ሰርዛችሁ በሁለቱ ቀጥሉ። አዲስ ካስማ ተክሎ ከአሮጌው ቁጥር ጋር ማነጻጸር አይቻልም።

ስለ ባሕር ዛፍና ዲከረንስ

"ባሕር ዛፍ ጠላት ነው" ብላችሁ አታስተምሩ። የተማሪው ደብተርና ጫማ የተገዛው ከዚያ ዛፍ ሊሆን ይችላል። በአዊም ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዝርያ ተክለው፣ ከሰል አክስለው፣ መሬቱን መልሰው የሚያርሱ ቤተሰቦች አሉ፤ ልጆቻቸው ይህን ከእኛ በላይ ያውቃሉ። በስብከት ፈንታ ልኬት ስጧቸው፦ ከባሕር ዛፍ ዳር በ1፣ በ5፣ በ10 እና በ20 ሜትር ርቀት ላይ ያለውን የስንዴ ወይም የበቆሎ ቁመት ይለኩ። የት ቢተከል እንደማይጎዳ ከዚያ ቁጥር ተነሥተው ይከራከሩ። ይህ ክርክር እናንተ ሳትናገሩ የሚሠራ ትምህርት ነው።

ደረጃ 5፦ ችግኝ አፍሉ (ከኅዳር እስከ ሰኔ)

ከመንግሥት ችግኝ ጣቢያ የመጣ ችግኝ መትከል ቀላል ነው፤ ልጁ ግን ያላሳደገውን አይጠብቅም። ትንሽ አፍሉ። ለመጀመሪያ ዓመት 200 ችግኝ ይበቃል፤ ውኃ የሚቀዳው ከሩቅ ከሆነ 100።

ሁለት ዓይነት ምረጡ፤ አንዱ ቶሎ የሚደርስ የከብት መኖ፣ ሌላው አገር በቀል ይሁን። በደጋ ትሪ ሉሰርንና ኮሶ፣ በወይና ደጋ ሰስባኒያና ዋንዛ ይስማማሉ። መኖው ወላጅን ያሳምናል፤ አገር በቀሉ ይቆያል። ወይራና ጽድ አዝጋሚ ስለሆኑ በመጀመሪያው ክረምት ላይደርሱ ይችላሉ፤ ለቀጣዩ ዓመት አቆዩአቸው።

የዘር አያያዝ፦

- ሰስባኒያ፣ ትሪ ሉሰርን፣ ግራር፦ ውኃ አፍሉ፣ ከእሳት አውርዱ፣ ዘሩ ላይ ገልብጡ፣ እየቀዘቀዘ ይደር። ጠዋት ያበጠውን ዝሩ፤ ያላበጠውን ድገሙት። ዘሩን እሳት ላይ አትቀቅሉት።
- ዋንዛ፦ የበሰለውን ቢጫ ፍሬ ውኃ ውስጥ አሽታችሁ ማዝለግለጊያውን አስለቅቁ፣ ሳይቆይ ዝሩ። ለመብቀል ከአንድ ወር በላይ ሊወስድ ስለሚችል ተስፋ ቆርጣችሁ መደቡን አትቆፍሩት።
- ኮሶ፦ ወንዱና ሴቷ ዛፍ የተለያዩ ናቸው። ዘር ያለው ቀላ ያለ ዘለላ ካላት ሴቷ ላይ ነው። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ በትኑ፣ በስሱ አልብሱ። በባሊ ውኃ ከደፋችሁበት ታጥቦ ይሄዳል።
- ጥቁር እንጨት፦ ዘሩ ከደረቀ ይሞታል። በለቀማችሁ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልዘራችሁት አትልፉበት።

መደቡን አዘጋጁ፦

1. ስፋቱ 1 ሜትር ይሁን፤ ልጆች ከሁለቱም ወገን ሳይረግጡት ይደርሱበታል።
2. ችግኙ ለሚያድግበት ጥቁር ላስቲክ 3 እጅ ለም አፈር፣ 2 እጅ የበሰለ ብስባሽ ወይም ፍግ፣ 1 እጅ አሸዋ ነፍታችሁ ቀላቅሉ። ትኩስ ፍግ ቡቃያውን ያቃጥላል።
3. ላስቲኩን እርጥብ በሆነ አፈር እስከ አፉ ሙሉ፤ መሐሉ ላይ ከታጠፈ ሥሩም ይታጠፋል። ታቹ ያልተበሳ ላስቲክ ውኃ አቁሮ ችግኙን ይገድላል።
4. የሣር ዳስ ጣሉበት። ችግኙ ሲጠነክር ሣሩን ቀስ በቀስ አሳሱ፤ ከመተከሉ አንድ ወር በፊት ሙሉ ፀሐይ ያግኝ፣ ውኃውም ይቀነስለት።
5. ሥር ከላስቲኩ ታች ሲወጣ በየሁለት ወይም ሦስት ሳምንቱ እያነሣችሁ ቁረጡ። ከመቁረጣችሁ በፊትም በኋላም አጠጡ።

ውኃ ማጠጣቱን ለሴቶች ልጆች ብቻ አትተዉት። እነሱ ከቤትም ቀድተው ነው የሚመጡት። ስም ዝርዝሩ ወንድና ሴት እያጣመረ ይውጣ፤ ቅዳሜና እሑድን፣ የገበያ ቀንንና የፈረቃ ለውጥን ጨምሮ። ብዙ መደብ የሚደርቀው ማንም ባልተመደበበት ሁለት ቀን ውስጥ ነው።

ቡቃያ አንገቱ ላይ ጠውልጎ ከወደቀ፦ ውኃ በዝቷል፣ ዳሱም ጠቁሯል። የወደቁትን አስወግዱ፣ ሣሩን አሳሱ፣ ማጠጣቱን ጠዋት ብቻ አድርጉ።

ደረጃ 6፦ ጉድጓድና ተከላ

1. ጉድጓዱ በግንቦት ይቆፈር፤ 40 በ40፣ ጥልቀቱም 40 ሴንቲ ሜትር። የላዩን አፈር በአንድ ወገን፣ የታቹን በሌላ ወገን ከምሩ፤ ሲተከል የላዩ ከሥር ይገባል።
2. ከመጀመሪያው ዝናብ ጋር አትሽቀዳደሙ። እርጥበቱ አንድ ክንድ ያህል ወደ ታች መድረሱን ቆፍራችሁ አረጋግጡ።
3. ላስቲኩን ቅደዱና አውጡት። ይህን ደግሜ እላለሁ፦ ላስቲኩን አውጡት። በሕዝብ ተከላ ቀን በጥድፊያ ከነላስቲኩ የሚቀበር ችግኝ ብዙ ነው፤ ሥሩ እዚያው ተጠቅልሎ በጋ ላይ ይደርቃል። ከተከላ በኋላ ላስቲኩን ቁጠሩ፤ ቁጥሩ ከችግኙ ጋር እኩል ካልሆነ መልሳችሁ ፈልጉ።
4. የችግኙ አንገት ከመሬቱ ጋር እኩል ይሁን። ዙሪያውን በእግር ረግጣችሁ አጥብቁ።
5. በተዳፋት ላይ ከታች በኩል የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ክትር ሥሩ። በዋልካ ላይ ግን ውኃ ስለሚተኛ ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ትከሉ።

የሰኔ ፈተና ከዝናቡ ጋር ከተጋጨ ተከላውን ለሐምሌ አድርጉና በጎጥ በጎጥ ጥሩ፤ ሁሉንም ተማሪ በአንድ ቀን አትጠብቁ።

ደረጃ 7፦ ክረምቱና ልቅ ግጦሹ

ለክረምቱ ከትምህርት ቤቱ አቅራቢያ የሚኖሩ ሁለት ተማሪዎችንና የግቢውን ጥበቃ መድቡ። የዝናብ መለኪያም ይያዙ፦ አንገቱ የተቆረጠ ቀጥ ያለ ጠርሙስ፣ ታቹ በጠጠርና በውኃ እስከ ዜሮ ምልክት የተሞላ፣ የተቆረጠው አፍ ተገልብጦ የተከደነበት። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተነብቦ እስከ ምልክቱ ይደፋ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሜትር ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው። 100 ሜትር ካሬ የሆነ የትምህርት ቤት ቆርቆሮ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት 2,000 ሊትር፣ ማለትም 10 በርሜል ውኃ ይወርድበታል። ለመደቡ ውኃ ሲቸገሩ የቆዩ ልጆች ይህን ቁጥር አይረሱትም።

እውነተኛው ፈተና ግን አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ማሳው ለከብት ይለቀቃል፤ ያልታጠረ ችግኝ በዚያ ሳምንት ያልቃል።

1. አዝመራው ሳይነሣ በአጋም ወይም በቀጋ እሾህ እያንዳንዱን ችግኝ እጠሩ።
2. እረኞቹን አባል አድርጉ። አብዛኞቹ የእናንተው ተማሪዎች ወይም ታናናሾቻቸው ናቸው። ጠባቂ ቀጥሮ እረኛን ከማባረር እረኛውን ጠባቂ ማድረግ ይሻላል።
3. ቀበሌው የግጦሽ የውስጥ ደንብ ካለው ቦታው በደንቡ እንዲካተት ሽማግሌዎቹን ጠይቁ። ቅጣትን መምህር አይጥራ፤ የጎጡ ሰዎች ይወስኑ።

ደረጃ 8፦ ቁጥሩን ለወላጅ አቅርቡ (ቀጣዩ መስከረም)

1. ከቅዳሴ በኋላ ወላጆችን ቦረቦሩ ዳር ሰብስቡ። አዳራሽ ውስጥ አታድርጉት።
2. ተማሪዎቹ ገመዱን ፊታቸው ወጥረው ይለኩ፤ የግንቦቱን ቁጥር ከመዝገቡ ያንብቡ፤ ልዩነቱን በኩንታል ይናገሩ። መምህር አያስረዳ።
3. ከዚያ ባለማሳው ይናገሩ። ዕድሜ ጠገብ አባቶችና እናቶች ቦረቦሩ ድሮ የት ላይ እንደነበረ ይጠየቁ፤ መልሳቸውም መዝገቡ ላይ ይስፈር።
4. ምን ይደረግ የሚለውን ወላጆቹ የግብርና ባለሙያው በተገኙበት ይወስኑ፦ ከላይ ውኃ ማስቀየሻ፣ የድንጋይ ክትር፣ ወይስ ከብት መከልከል። ክትር ልጆች ብቻቸውን አይሥሩ።

ነጥብ የምትሰጡት ከዚህ ሥራ ላይ ነው፦ በመዝገቡ ንጽሕና፣ በስሌቱ ትክክለኛነት፣ ልጁ ለአባቱ ጥያቄ በሰጠው መልስ።

ከክትሩ በኋላም ልዩነቱ ካደገ፦ ይህ በመጀመሪያው ዓመት ያጋጥማል። ውኃው ክትሩን በጎን ዞሮ አዲስ መንገድ ከፍቶ ሊሆን ይችላል። የክትሩን ሁለት ጫፎች እዩ፤ ወደ ግድግዳው ጠልቀው ካልገቡ፣ መሐሉም ከጫፎቹ ዝቅ ካላለ ባለሙያውን ጠርታችሁ አስተካክሉ። ለወላጆቹም ቁጥሩን ሳትደብቁ ንገሩ። ካስማዎቹን አትንቀሉ፤ የዘንድሮዎቹ 5ኛ ክፍሎች መዝገቡን ከ6ኛዎቹ ፈርመው ይረከቡና በዚያው ምልክት ላይ ገመዱን ይወጥሩ።